የአሉሚኒየም ቀይ አተላ፦ ከቦክሳይት ማጣሪያ የሚተርፈው ጭቃ ለምን ሥራ ሊውል ይችላል?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2010 ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በምዕራብ ሃንጋሪ በአይካ ከተማ አቅራቢያ የአንድ አሉሚና ማጣሪያ ፋብሪካ የዝቃጭ ግድብ አንደኛው ማዕዘን ተደረመሰ። ከ600 ሺህ ሜትር ኩብ የማያንስ ቀይ ፈሳሽ ጭቃ ኮሎንታር የተባለችውን መንደርና ዴቬቸር የተባለችውን ትንሽ ከተማ አጥለቀለቀ። 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከ100 በላይ ሰዎች ተጎዱ። ሰዎቹን የጎዳው የጎርፉ ኃይል ብቻ አልነበረም። ጭቃው ኮስቲክ ሶዳ ያዘለ በመሆኑ የነካውን ቆዳ አቃጥሏል። በአቅራቢያው በሚፈሰው የማርካል ወንዝ የነበሩ ዓሦች አለቁ፤ መርዙ ወደ ታላቁ የዳኑብ ወንዝ በሙሉ ኃይሉ እንዳይደርስም ባለሙያዎች ጂፕሰምና አሲድ ወደ ውኃው ሲጨምሩ ሰነበቱ።

አደጋው ብዙ ሰው የማያውቀውን ዕዳ ገለጠ። አንድ ቶን አሉሚና በተመረተ ቁጥር፣ እንደ ማዕድኑ ጥራት፣ በአማካይ ከ1 እስከ 1.5 ቶን ቀይ ጭቃ ይተርፋል። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ150 ሚሊዮን ቶን በላይ አዲስ ጭቃ ይመረታል፤ እስካሁን የተጠራቀመው ደግሞ ወደ 4 ቢሊዮን ቶን ይገመታል። ከዓመቱ ጭቃ ውስጥ ለአንዳች አገልግሎት የሚውለው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው።

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት አተላውን ዝም ብሎ አይደፋም፤ ለከብት ይሰጠዋል። የአሉሚኒየም ኢንዱስትሪ ግን ከ130 ዓመታት በላይ አተላውን የሚፈጅለት አላገኘም። ምክንያቱን ለመረዳት ሁለት ጥያቄዎችን ማንሳት ያስፈልጋል። ጭቃው ከማጣሪያው የሚወጣው በምን ዓይነት ሁኔታ ነው? ሊጠቀምበት የሚችለው ሥራስ መጠኑን ይችለዋል ወይ? ይህ ጽሑፍ ሁለቱን በቅደም ተከተል ይመለከታል።

ከቀይ ድንጋይ ወደ ነጭ ዱቄት

አሉሚኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከየትኛውም ብረታ ብረት ይልቅ በብዛት የሚገኝ ነው፤ ከቅርፊቱ ክብደት ከመቶ 8 እጅ ያህሉን ይይዛል። ይሁን እንጂ ከኦክስጅን ጋር ያለው ትስስር እጅግ የጠነከረ በመሆኑ ለዘመናት ሊለይ አልቻለም። ዋነኛ ምንጩ ቦክሳይት የተባለው ቀይ ድንጋይ ነው። ስሙን ያገኘው ፈረንሳዊው ፒየር በርቲየ እ.ኤ.አ. በ1821 ማዕድኑን ከመረመረበት፣ በደቡብ ፈረንሳይ ከሚገኘው ሌ ቦ ከተባለው መንደር ነው።

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን የሚያውቁት የዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ የዚያን ዘመን ዋጋ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1884 ሐውልቱ ሲጠናቀቅ በአናቱ ላይ የተቀመጠው 2.8 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የአሉሚኒየም ፒራሚድ ነበር። በወቅቱ አሉሚኒየም ዋጋው ከብር ጋር የሚነጻጸር ብርቅ ነገር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ አሉሚናን በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ አሉሚኒየም የመለወጫውን መንገድ አገኙ። ከዚያ በኋላ የጎደለው ነገር ንጹሕ አሉሚና በርካሽ ማግኘት ነበር።

ይህን ጉድለት የሞላው ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል ዮሴፍ ባየር ነው። ባየር በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ የሚሠራው ለአሉሚኒየም ብሎ አልነበረም፤ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ቀለሙን አጥብቆ እንዲይዝ የሚረዳ የአሉሚኒየም ውህድ ለማቅረብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 እና በ1892 ያስመዘገባቸው ሁለት ግኝቶች ዛሬም የዓለም አሉሚና በአብዛኛው የሚመረትበት ዘዴ መሠረት ናቸው። ሂደቱ አራት ደረጃዎች አሉት።

አንደኛው ማሟሟት ነው። ቦክሳይቱ ተፈጭቶ ከትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ጋር ይቀላቀልና ግፊት ባለበት ጋን ውስጥ ይቀቀላል። ሙቀቱ እንደ ማዕድኑ ዓይነት ከ140 እስከ 270 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። የአሉሚኒየም ውህድ በሶዳው ውስጥ ይሟሟል፤ ብረቱ ግን አይሟሟም። የዘዴው ጥበብ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ሁለተኛው መለየት ነው። ያልሟሟው ቀይ ደለል በትላልቅ ጋኖች ውስጥ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ ከዚያም የያዘውን ሶዳ ለማስመለስ በተደጋጋሚ በውኃ ይታጠባል። ቀይ ጭቃ የሚባለው ይህ ነው።

ሦስተኛው ማርጋት ነው። ጥርት ያለው ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ክሪስታሎች መፈጠር አለባቸው፤ ብቻውን ቢተው ግን በጣም ይዘገያል። ባየር ያገኘው መፍትሔ እንጀራ ለሚጋግር ሁሉ እንግዳ አይደለም። ካለፈው ቡሖ የተረፈው እርሾ አዲሱን እንደሚያስነሣው ሁሉ፣ ካለፈው ዙር የተወሰዱ ክሪስታሎች ወደ ፈሳሹ ሲጨመሩ አዲሶቹ በእነርሱ ላይ ያድጋሉ።

አራተኛው ማድረቅ ነው። ክሪስታሎቹ ወደ 1,000 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይቃጠሉና ከክብደታቸው ከሲሶ በላይ የሆነውን በውኃ መልክ ያጣሉ። የሚቀረው ነጭ ዱቄት አሉሚና ነው። ሁለት ቶን ገደማ አሉሚና አንድ ቶን አሉሚኒየም ይሰጣል።

በጭቃው ውስጥ ያለው ሀብትና አደጋ

ቀይ ጭቃ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ፣ ማለትም የዝገት ዘመድ፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ20 እስከ 45 እጁን ይይዛል። ሳይሟሟ የቀረ አሉሚና፣ ሲሊካ፣ ቲታኒየምና ኖራ አብረውት አሉ። በጥቂቱ ደግሞ ስካንዲየምና ሌሎች ብርቅ ንጥረ ነገሮች፣ እንዲሁም ከተፈጥሮው ድንጋይ የመጡ ጥቂት ዩራኒየምና ቶሪየም ይገኙበታል።

ችግሩን የሚፈጥረው ግን ከድንጋዩ የመጣው ሳይሆን ፋብሪካው የጨመረው ሶዳ ነው። በሃንጋሪው ጭቃ ውስጥ የነበረው ውኃ የፒኤች ልኬት 13 ገደማ ነበር። ይህ ልኬት በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር የአልካሊው ጥንካሬ አሥር እጥፍ ስለሚያድግ፣ 13 ማለት ልኬቱ 7 ከሆነው ንጹሕ ውኃ አንድ ሚሊዮን እጥፍ የበረታ ማለት ነው።

ጭቃው አንዴ ታጥቦ እንዲህ ያለው ጥንካሬ አይጠፋም። የሶዳው አንድ ክፍል በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ውኃ ውስጥ ስለሚገኝ ሊታጠብ ይችላል። ሌላው ክፍል ግን ከሲሊካና ከአሉሚና ጋር ተጣምሮ ጠጣር ሆኗል። ይህ ጠጣር ቀስ በቀስ እየሟሟ ሶዳውን ለዓመታት ይለቃል። ዛሬ የታጠበ ጭቃ ከወራት በኋላ ተመልሶ የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሻሻያው የሚጀምረው ከማጣሪያው ነው

ስለዚህ ጭቃውን ለጥቅም ማዋል የሚፈልግ ሰው ወደ ማጠራቀሚያ ኩሬው ከመሄዱ በፊት ወደ ፋብሪካው መግባት ይኖርበታል። ለአሉሚና አምራቹ ትርፍ የሚሰጡ አብዛኞቹ ማሻሻያዎች ጭቃውንም የተሻለ ያደርጉታል።

የመጀመሪያው ማሻሻያ ሲሊካን መቆጣጠር ነው። በቦክሳይቱ ውስጥ ካለው የሸክላ አፈር የሚመጣው ሲሊካ ሶዳውን ይበላዋል። በውህዱ ቀመር ሲሰላ፣ አንድ ኪሎ ግራም እንዲህ ያለ ሲሊካ ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ኮስቲክ ሶዳ ይዞ ይሄዳል፤ አሉሚናም አብሮ ይወስዳል። ማዕድኑን በቁፋሮው ቦታ አጥቦ ሸክላውን መቀነስ ለፋብሪካው የሶዳ ወጪ ይቀንሳል፤ በጭቃው ውስጥ የሚታሰረውንም ሶዳ ያሳንሳል።

ሁለተኛው እጥበቱ ነው። ውኃ እጥረት ባለበት ቤት ልብስ የሚያጥብ ሰው የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውኃ አይደፋውም፤ ለሚቀጥለው ልብስ የመጀመሪያ እጥበት ያውለዋል። ማጣሪያዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ንጹሑ ውኃ መጀመሪያ የሚገናኘው በብዙ ጋኖች አልፎ ከጠራው ጭቃ ጋር ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይበልጥ ሶዳ ካዘለው ጋር ይገናኛል። የጋኖቹ ብዛት በጨመረ ቁጥር በትንሽ ውኃ ብዙ ሶዳ ይመለሳል። ሆኖም ውኃው በኋላ በእንፋሎት መትነን ስላለበት እያንዳንዱ ተጨማሪ ሊትር የነዳጅ ወጪ አለው።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ትልቁ፣ የመጭመቂያ ማጣሪያ ነው። በቀድሞው ልማድ ጭቃው እንደ አጥሚት ቀጥኖ በቧንቧ ወደ ኩሬ ይፈስ ነበር። መጭመቂያው በጨርቅ በተለበሱ ሳህኖች መካከል በከፍተኛ ግፊት ጨምቆ ከመቶ 70 እጅና ከዚያ በላይ ደረቅ ነገር ያለው ጠፍጣፋ ቂጣ ያደርገዋል። ቂጣው በጭነት መኪና ይጓዛል፤ በቡልዶዘር ተደልድሎ ይከመራል። የተከመረ ቂጣ በዝናብ ሊሸረሸር ቢችልም እንደ ኮሎንታሩ ፈሳሽ መንደር አያጥለቀልቅም። በጋርዳን የሚገኘው የፈረንሳይ ማጣሪያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጭቃውን ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ሲለቅ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ያቆመው በዚህ መሣሪያ ነው። የግሪኩ ማጣሪያም ከእርሱ ቀድሞ ተመሳሳይ እርምጃ ወስዷል። ሲሚንቶ ፋብሪካም ሆነ ሌላ ገዢ ውኃ ለማጓጓዝ ስለማይከፍል፣ ይህ መሣሪያ ለደኅንነት የተገዛ ቢሆንም ለገበያውም በር ከፍቷል።

አራተኛው ኃይል ነው። የማጣሪያው ሙቀት ወጪ በአብዛኛው ለእንፋሎትና ለማቃጠያው ይውላል። የሚሽከረከሩት የቆዩ ምድጃዎች ዱቄቱን በሞቃት ጋዝ በሚያንሳፍፉ ምድጃዎች በመተካታቸው ብዙ ነዳጅ ተርፏል። ከቻይና ውጭ በስፋቱ ቀዳሚ የሆነው የብራዚሉ አሉኖርቴ ከከባድ ነዳጅ ዘይት ወደ ተፈጥሮ ጋዝ መሸጋገሩ፣ የኤሌክትሪክ ማፍያዎችንም መትከሉ የዚሁ ጥረት አካል ነው።

ለጭቃው የሚመጥን ገበያ ማን ነው?

ስለ ቀይ ጭቃ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፈጠራ መብቶች ተመዝግበዋል፤ ጡብ፣ ቀለም፣ የውኃ ማጣሪያ፣ የመንገድ መሙያ እየተባለ። አብዛኞቹ በቤተ ሙከራ የሚሠሩ ናቸው። የሚወድቁት ግን በሒሳቡ ነው። ዋና ዋናዎቹን እንመዝናቸው።

ስካንዲየም፦ አሉሚኒየምን የሚያጠነክር እጅግ ውድ ብረት ነው። በግሪኩ ጭቃ ውስጥ በአንድ ቶን 100 ግራም ገደማ ይገኛል፤ በአውሮፓ የሙከራ ፋብሪካዎች ተተክለው ማውጣቱ እንደሚቻል ታይቷል። ነገር ግን በዚህ ስሌት አንድ ሚሊዮን ቶን ጭቃ 100 ቶን ስካንዲየም ይይዛል፤ የመላው ዓለም የዓመት ፍላጎት ደግሞ የሚቆጠረው በአሥሮች ቶን ነው። አንድ ማጣሪያ ብቻውን ገበያውን ሊያጥለቀልቅ ይችላል። በዚያ ላይ ስካንዲየሙ ከወጣ በኋላ 999 ኪሎ ግራም ከ900 ግራም የሚሆነው ጭቃ እዚያው ይቀራል። ስካንዲየም ገቢ ያስገኛል፤ ክምሩን ግን አይቀንሰውም።

ብረት፦ ጭቃው ከመቶ 40 እጅ የብረት ኦክሳይድ ቢኖረው፣ ከአንድ ቶን የሚወጣው ንጹሕ ብረት ቢበዛ 280 ኪሎ ግራም ነው። ጥሩ የብረት ማዕድን ከዚህ በእጥፍ ይሰጣል። ከዚህም ሌላ የጭቃው ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ነው፤ ሶዳውም የምድጃውን የውስጥ ጡብ ይበላል። ይሁንና በቻይና ጓንግሺ ግዛት የብረት ይዞታው ከፍ ካለ ጭቃ ብረቱን በማግኔት መለየት ተጀምሯል። በጀርመን ዱሰልዶርፍ የማክስ ፕላንክ የብረት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ጭቃውን በኤሌክትሪክ አርክ ምድጃ ውስጥ በሃይድሮጂን ፕላዝማ 10 ደቂቃ ገደማ በማቅለጥ ብረቱን መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። ከሰል አይገባበትም፤ የሚቀረውም ኦክሳይድ ለግንባታ ሊውል ይችላል። ሐሳቡ የሚያዋጣው ርካሽና ንጹሕ ኤሌክትሪክ ባለበት አገር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ጭቃው እንዳይፈጠር ማድረግ ይቻላል ያሉ ነበሩ። ኖርዌያዊው ሃራልድ ፔደርሰን የነደፈው ዘዴ ቦክሳይቱን ከኖራና ከከሰል ጋር አቅልጦ መጀመሪያ ብረቱን ያወጣል፤ ከቀሪው ዝቃጭ ደግሞ አሉሚናው ይሟሟል። በሆያንገር ከ1928 እስከ 1969 ሲሠራበት ቆይቶ በወጪው ምክንያት ቆመ። ዛሬ የጭቃው ማከማቻ ራሱ ወጪ በመሆኑ ተመራማሪዎች ይህን ዘዴ እንደገና እየፈተሹት ነው።

ሲሚንቶ፦ የሲሚንቶ ፋብሪካ ብረትና አሉሚና ከኖራ ድንጋዩ ጋር መቀላቀል ያስፈልገዋል፤ ጭቃው ሁለቱንም ይዟል። በግሪክና በሕንድ ፋብሪካዎች በዚህ መልክ ይጠቀሙበታል። ዓለም በዓመት 4 ቢሊዮን ቶን ገደማ ሲሚንቶ ያመርታል። ከዚህ ከመቶ 3 እጁ ብቻ ከቀይ ጭቃ ቢመጣ 120 ሚሊዮን ቶን ይሆናል፤ ይህም ከዓመቱ አዲስ ጭቃ አብዛኛው ነው። ከሁሉም አማራጮች መጠኑን የሚችለው ይህ ብቻ ይመስላል። እንቅፋቱ ሶዳ፣ እርጥበትና ርቀት ናቸው። ሶዳ የበዛበት ሲሚንቶ ኮንክሪቱን ከጊዜ በኋላ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ እርጥብ ጭቃ መጓጓዣውን ያስወድዳል፤ ብዙ ማጣሪያዎችም ከሲሚንቶ ፋብሪካ እጅግ ይርቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንቅፋቶች መፍትሔ የሚያገኙት በእጥበቱና በመጭመቂያው፣ ማለትም በማጣሪያው ውስጥ ነው።

አፈርና ካርቦን፦ በምዕራብ አውስትራሊያ ክዊናና የነበረው ማጣሪያ ከ2007 ጀምሮ ከጎረቤቱ የአሞኒያ ፋብሪካ በቧንቧ የሚመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ጭቃው ያስገባ ነበር። ጋዙ አልካሊውን ያለዝበዋል፤ ራሱም በጠጣር መልክ ይታሰራል። ሥራው የተመሠረተው በሁለት ጎረቤታሞች መገናኘት ላይ ነበር፤ ማጣሪያውም በ2024 ምርት አቁሟል። የተጋገዘው ጭቃ ከጂፕሰምና ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ሣርና ዛፍ ሊያበቅል ይችላል። ለመኖሪያ ቤት ጡብ ከመዋሉ በፊት ግን የተፈጥሮ ጨረሩ መለካት ይኖርበታል።

ጉዳዩ ለእኛ ምን ያህል ይቀርባል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ በራስ አል ኸይር የራሷን ቦክሳይት ታጣራለች። በአቡ ዳቢ የሚገኘው የአል ጠዊላ ማጣሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ የጀመረው ከምዕራብ አፍሪካዊቷ ጊኒ በመርከብ በሚመጣ ቦክሳይት ሲሆን፣ የተነደፈው በዓመት 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ አሉሚና እንዲያመርት ነው። ይህ ማለት በየዓመቱ ከዚያ የማያንስ ጭቃ በረሃው ላይ ይከመራል ማለት ነው። ጭቃውን ለበረሃ ተስማሚ ወደሆነ አፈር የመለወጥ ሙከራ እዚያው መካሄዱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ አሸዋ በበዛበት አገር አፈር ራሱ ሸቀጥ ነው።

ለአፍሪካ ጥያቄው ይከብዳል። ጊኒ ከ7 ቢሊዮን ቶን በላይ የቦክሳይት ክምችት አላት፤ በአህጉሩ የመጀመሪያው የአሉሚና ማጣሪያም እ.ኤ.አ. በ1960 የተከፈተው እዚያው በፍሪያ ነው። ይሁንና ማዕድኑ በአብዛኛው የሚላከው ጥሬውን ነው። የጊኒ መንግሥት ማጣሪያዎች በአገር ውስጥ እንዲተከሉ እየጠየቀ ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ድንጋዩ በተጣራበት አገር ጭቃውም ይቀራል። ውሉ በሚፈረምበት ጊዜ የመጭመቂያ ማጣሪያ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቅርበትና የክምሩ የመዝጊያ ገንዘብ አብረው ካልተጻፉ፣ ከትርፉ ጋር የሚወረሰው የሃንጋሪው ዓይነት ግድብ ሊሆን ይችላል። የምዕራብ አፍሪካ ክረምት ከባድ መሆኑ ደግሞ ስጋቱን ያጎላዋል።

ኢትዮጵያ ቦክሳይት የሚያጣራ ፋብሪካ የላትም። ቢሆንም ከሂደቱ ውጪ አይደለችም። በአዋሽ መልካሳ የሚገኘው የአሉሚኒየም ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ፣ የከተሞችን የመጠጥ ውኃ ለማጥራት የሚያገለግለውን አሉሚኒየም ሰልፌት የሚሠራው ከውጭ ከሚገባ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ይህም በባየር ዘዴ ሦስተኛ ደረጃ ላይ የሚረጋው ነጭ ክሪስታል መሆኑ ነው። የውኃው ጥራት ለእኛ ሲደርስ ቀዩ ጭቃ በሌላ አገር ቀርቷል።

በየሰፈሩ እየጮኸ የሚያልፈው ቆራሌው ደግሞ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያልታሰበ ድርሻ አለው። ያረጀ የአሉሚኒየም ድስት እንደገና ሲቀለጥ አዲስ ለማምረት ከሚያስፈልገው ኃይል ከመቶ 95 እጁ ይተርፋል። አንድ ኪሎ ግራም አዲስ አሉሚኒየም ሁለት ኪሎ ግራም ገደማ አሉሚና ስለሚፈልግ፣ ቆራሌው የሰበሰበው እያንዳንዱ ኪሎ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ግራም ቀይ ጭቃ እንዳይፈጠር ያደርጋል።

የአሉሚኒየም ፍላጎት ግን ከአሮጌው ብቻ ሊሟላ አይችልም፤ ማጣሪያዎች ይቀጥላሉ። ስለዚህ ወደፊት «ቀይ ጭቃ ወደ ወርቅ ተለወጠ» የሚል ዜና ስናነብ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይጠቅመናል። ዘዴው ከአንድ ቶን ጭቃ ስንቱን ኪሎ ይፈጃል? ሶዳው የት ይሄዳል? ምርቱን የሚገዛው ፋብሪካ ከማጣሪያው ምን ያህል ይርቃል? ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ ያለው ዘዴ ክምሩን መቀነስ ይችላል። እስከዚያው ድረስ በጭቃው አጠገብ ለሚኖሩ ሰዎች ትልቁ ዋስትና በደንብ የታጠበና በደንብ የተጨመቀ ቂጣ ነው።